አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ውስጥ በተሰናዳ አንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ግጥም ተነበበ፤ ክራር ተደረደረ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ መድረክ መሪው «አሁን ደግሞ ማኅበረሰባችንን የሚሸነቁጥ ስላቅ ይቀርብላችኋል» አለና አንድ ወጣት ጸሐፊ ወረቀቱን ይዞ ብቅ አለ።

ወጉ ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ ወደ መተማ ስለወረደ አንድ የቀን ሠራተኛ ነው። ባላገሩ ወር ሙሉ ለፍቶ ያገኛትን ገንዘብ አፍስሶ ጥቁር መነጽር ይገዛል። መነጽሩን ሲበላም ሲተኛም አያወልቀውም። ማታ ጨረቃን ሽቅብ አይቶ «ፀሐይዋ ዛሬ ምን ነካት?» ይላል። አገሩ ሲመለስ እናቱ ትሸሸዋለች፤ የገዛ ውሻው ይነክሰዋል። ጸሐፊው የባላገሩን አነጋገር እያስመሰለ፣ ቃሉን እየጎተተ አነበበው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት ወይዘሮ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

እኔም ሳቅሁ። ይህን አስቀድሜ የምናዘዘው ጽሑፌ ሌላውን ከሶ ራሱን ነጻ የሚያወጣ እንዳይመስልብኝ ነው። ነገር ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ሳቁ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ያ መነጽር ከዓይኔ ላይ አልጠፋም። ምክንያቱም ያንን መነጽር አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደሚደረግም ከባለቤቱ አፍ ሰምቻለሁ። እሱን በቦታው እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን «ስላቅ» በምንለው ነገር ላይ መግባባት ይኖርብናል።

አማርኛ ለሳቅ ዓይነት ስም አልነፈገም። ቀልድ አለ፤ ስቀውበት የሚረሱት ነው። አሽሙር አለ፤ ሰውየውን ስሙን ሳይጠሩ የሚወጉበት ነው። ምፀት አለ፤ አንዱን እያሉ ተቃራኒውን የሚያሰሙበት ነው። ስላቅ ደግሞ የአንድን ኅብረተሰብ ነውር፣ በተለይም ክብር ለብሶ፣ ማዕርግ ደርቦ የሚሄደውን ነውር፣ አጋኖና አገላብጦ በሳቅ አደባባይ የሚያቆም ነው። ከነዚህ ሁሉ ተርታ ሌላ ቃል አለን፤ ልግጫ። ልግጫ የሰውን ድህነት፣ ትውልድ፣ አነጋገርና የአካል ጉድለት ይዞ መሳቅ ነው። ስላቅና ልግጫ ከሩቅ ሲያዩአቸው መንትዮች ይመስላሉ። ሁለቱም ያጋንናሉ፤ ሁለቱም ይሸነቁጣሉ፤ ሁለቱም አዳራሽ ያስቃሉ። የሚለዩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሲሳቅ የሚያፍረው ማነው?

በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ ያፈረ ሰው አልነበረም። የሚያፍረው ሰው 900 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነዶ እያሰረ ነበር። ትኬትም አልቆረጠም። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ሙግት ይኸው ነው፤ ዛሬ በስላቅ ስም የሚሸጥልን አብዛኛው ነገር ልግጫ ነው። አባቶች «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት የእኛን የወግ ጸሐፊዎችና የመድረክ ሰዎች ዓይተው ይመስላል።

እስቲ ወደ መተማ እንውረድ።

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ሄጄ ነበር። ያን ጊዜ አካባቢው በሰሜን ጎንደር ዞን ሥር ነው፤ ምዕራብ ጎንደር ተብሎ ለብቻው ዞን የሆነው ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ አዘዞን፣ አይከልን፣ ነጋዴ ባሕርን እያለፈ የሚወርደው መንገድ ሰውን ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ አንሥቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በታች ያወርደዋል። ጋቢ ተደርቦ የተጀመረ ጉዞ በሸሚዝ ይጨረሳል። ገንዳ ውሃ፣ ኮኪት፣ መጨረሻ ላይ መተማ ዮሐንስ። ከድልድዩ ማዶ ገላባት ነው፤ ሱዳን።

የከተማዋ ስም አፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ስፍራ መሆኑን ያስታውሳል። በጽሑፋችን ውስጥም መተማ ብዙውን ጊዜ የምትገባው በዚህ በር ብቻ ነው፤ ንጉሥ የሞተባት በረሃ። ንጉሡ ከወደቁ በኋላ እዚያ ሰው እንደሚኖር፣ እንደሚያርስ፣ እንደሚነግድ፣ ወልዶ እንደሚያሳድግ የረሳን ይመስለኛል። ጉሙዙ፣ ከደጋ የወረደው አማራ፣ ቅማንቱ፣ ከማዶ የመጣው ነጋዴ በአንድ ገበያ ይገናኙባታል። ለብዙው ከተሜ ግን ቆላው ወይ የወባ ታሪክ ነው፣ ወይ የሽፍታ ታሪክ ነው፣ ወይ የመነጽር ቀልድ ነው።

የሰሊጥ ጠባይ እንዲህ ነው። ከደረሰ ቀን አይሰጥም። ፍሬውን የያዘው ከረጢት ሲደርቅ አፉን ይከፍትና ዘሩን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውስጥ ሳይፈስ መታጨድ፣ መታሰር፣ መቆም፣ ከዚያም መራገፍ አለበት። የአካባቢው ሰው እጅ ይህን ሁሉ አያደርሰውም። በዚህ ምክንያት በየዓመቱ ከደጋው፣ ከጋይንት፣ ከበለሳ፣ ከሊቦ፣ ከጎጃምም ጭምር በብዙ ሺህ የሚቆጠር ወጣት ማጭዱን ይዞ ይወርዳል። በአካባቢው አጠራር «ሳሉግ» የሚሉት ይህንን ሠራተኛ ነው። ቁምጣ፣ ኮንጎ ጫማ፣ አንዲት ጀሪካን፣ ለዝናብም ለፀሐይም የምትሆን የላስቲክ ቁራጭ፤ ንብረቱ ይኸው ነው። የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው። ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥና በግራሩ ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ትወጣና ትነክሰዋለች። ከእሷ የሚመጣው በሽታ ካላዛር ይባላል። ያተኩሳል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሥጋን ያሟሽሻል፤ ካልታከሙት ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም፣ ካላዛር በማይታወቅበት አገር፣ በሽታው ተነሥቶ ብዙ ሰው ሲጨርስ፣ የጤና ባለሙያዎች መነሻው ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ገምተዋል። ከመተማ ወደ ደጋ የሚገባው መነጽር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ካየኋቸው ሠራተኞች መካከል አንዱ መነጽር አድርጓል። የአንዱ ዓይን መስታወት ተሰንጥቋል። ከሃያ ዓመት አይበልጠውም። ሻይ ጋበዝኩትና እየሳቅሁ ጠየቅሁት።

«የመነጽሩ ነገር እንዴት ነው? ፀሐዩ በረታብህ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ፀሐዩንስ ለምደነዋል» አለኝ። «ካቦው ነዶ ሲቆጥር እየዘለለ ነው የሚቆጥር። እኔ ደግሞ አብሬው እቆጥራለሁ። ዓይኔን ካየ ይጣላኛል፤ ነገ ሥራ የለህም ይለኛል። በዚህ ጊዜ ወዴት እንደማይ አያውቅም።»

ጓደኞቹ ሳቁ። አንደኛው ቀበል አድርጎ «መነጽርስ ለካቦው ነበር የሚገዛለት፤ እሱ ነው ከሠላሳ በላይ የማይታየው» አለ።

ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ሲጫወቱ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። አንዱ ልጅ ላስቲኩን እንደ ካፖርት ደረበና የጀሪካን ክዳን እንደ ድምፅ ማጉያ ይዞ ቆመ። ጎብኚ ባለሥልጣን ሆኗል። ሰሊጡ በወጣለት ዕቅድ መሠረት በመብሰሉ፣ ዝናቡም መመሪያ ሳይጠብቅ በማቆሙ ምስጋናውን ገለጸ። ሠራተኞቹ ውሃ ባለመጠጣት ያሳዩትን ቁጠባ አደነቀ። በመጨረሻም ትንኞቹ የጀመሩትን ትጋት አጠናክረው እንዲቀጥሉ አሳስቦ ወረደ። ጓደኞቹ ቆመው አጨበጨቡለት።

አንባቢ ሆይ፣ ስላቅ ይህ ነው። የዜናችንን ቋንቋ፣ የሪፖርታችንን ውሸት፣ የጉብኝታችንን ከንቱነት ያ ፊደል ቆጥሮ ያልጨረሰ ልጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አራቁቶ አስቀመጠው። የእኛ ጸሐፊ ያየው መነጽሩን ነው። ከመነጽሩ በስተኋላ የሚቆጥረውን ዓይን አላየም። ባየ ኖሮ የሚያስቅ ብቻ ሳይሆን ካቦውን፣ ባለሀብቱን፣ ደላላውንና በሰሊጡ ዘይት የምንቀማጠለውን እኛን ሁሉ የሚያሳፍር ወግ በእጁ ነበር።

ይህ ቆላ ልግጫንና ስላቅን ከእኛ ቀድሞ በደም ያስተማረ አገር ነው። የቋራው ካሳ ኃይሉ ታሪክ የአደባባይ ነው፤ ከስላቅ አንጻር ግን ብዙም አላየነውም።

ካሳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ቋራ ላይ ሸፍቶ ሲበረታ፣ የጎንደር ቤተ መንግሥት ሰዎች ሊያዋርዱት ያነሡት ሽፍትነቱን አልነበረም። እናቱን ነው። አባቱ ሲሞት እናቱ በችግር ምክንያት ጎንደር ውስጥ ኮሶ ትሸጥ ነበር ተብሎ ይወራ ነበርና «የኮሶ ሻጭ ልጅ» አሉት። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የራስ አሊ እናት እቴጌ መነን ደጃዝማች ወንድይራድን ባዘመቱበት ጊዜ ደጃዝማቹ ይህንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎከረ። መኳንንቱ ሳቁ። ያ ሳቅ ልግጫ ነው። ካሳ ሰው ዘርፎ ይሆናል፣ ገድሎ ይሆናል፤ ያ ሁሉ አላሳቃቸውም። ያሳቃቸው የእናቱ ድህነት ነው።

ወንድይራድ ተሸነፈ፤ ተማረከ። ካሳም ገበታ አቀረበለት ይባላል፤ በገበታው ላይ ያለው ኮሶ ነው። እናቴ ዛሬ ገበያ ሳይቀናት ስለዋለ ሌላ ምግብ አልገዛችምና ይቅርታ፣ ይህንኑ ብላ አለው። ልብ በሉ፤ ካሳ ስድቡን አልካደውም። እናቴ ኮሶ አልሸጠችም ብሎ አልማለም። ስድቡን ተቀበለና ጨክኖ እስከ መጨረሻው ድረስ እውነት አድርጎ ኖረው። ኮሶ መድኃኒት ነው፤ የሚበቅለው ቆላ ሳይሆን ደጋ ላይ ነው፤ የሚጠጡት ደግሞ ሥጋ የሚበሉ፣ የሆድ ትል የሚያሠቃያቸው ጌቶች ናቸው። ማን ማንን ይፈልግ እንደነበር ገበታው ተናገረ። ከስላቅ ሁሉ በጣም ከማደንቃቸው አንዱ ይህ ነው፤ ምንም እንኳ አሳዛኙ ሰውየው ሰይፍ በእጁ ያለ፣ ተሳቂው ደግሞ የታሰረ መሆኑ ደስ ባይለኝም።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አላበቃም። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ካሳ በጉር አምባ ጦርነት ደጃዝማች ጎሹን ገጠመ። ከጦርነቱ በፊት የደጃዝማች ጎሹ አዝማሪ ጌታውን እያወደሰ በካሳ ላይ ብዙ ተሳልቆ ነበር። ጎሹ ሞቱ፤ ካሳ አሸነፈ፤ አዝማሪው ተያዘ። ምን ብለህ ነበር ተብሎ ተጠየቀ። ምስኪኑ አዝማሪ በራሱ ላይ የሚፈርድ ግጥም በዚያው ቅጽበት ገጠመ፤ ግጥሙ ግን አላዳነውም። ተደብድቦ ሞተ ይሉናል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ትምህርት ይታየኛል። አንደኛው ለጸሐፊ ነው። ያ አዝማሪ የሳቀው የጌታውን ሳቅ ነው። በጌታው ድንኳን ጥላ ሥር ቆሞ በጌታው ጠላት ላይ መሳለቅ ጀግንነት ይመስላል፤ ድንኳኑ ሲፈርስ ግን ምላስ ብቻውን ሜዳ ላይ ይቀራል። ባለፉት ዓመታት በየሥርዓቱ ለውጥ ማግስት የወደቀውን የሚረግሙ፣ የተነሣውን የሚያሞግሱ ስንት «ስላቅ» ጸሐፊዎች አይተናል! የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ሁለተኛው ትምህርት ለሥልጣን ነው። ስለ እናቱ ሲላገጥበት ያደገው፣ ልግጫ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ከማንም የበለጠ የሚያውቀው የቋራው ልጅ፣ ሲያሸንፍ የአንድ አዝማሪ ግጥም መሸከም አቃተው። ትናንት የተሳለቁበት ሁሉ ነገ ለስላቅ ደረቱን ይሰጣል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ እንሻለን?

የኮሶ ሻጯ ልጅ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛና ጸጋዬ ገብረ መድኅን የመድረክና የልብ ወለድ ጀግና አደረጉት። ደጃዝማች ወንድይራድን ግን ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ቢኖር በዚያች አንዲት ልግጫው ብቻ ነው። የዚያ ምሽት ወጣት ጸሐፊ ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

ሥነ ጽሑፋችን በበኩሉ ስላቅን በሚገባ ያውቃል። ሌላው ቀርቶ የአማርኛ ቴአትር የተወለደው በስላቅ ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘ ተውኔት ጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ አሳዩ። ተዋንያኑ እንስሳት ናቸው፤ ተመልካቾቹ ደግሞ መኳንንት። መኳንንቱ ራሳቸውን በአውሬው ቆዳ ውስጥ አዩ። ውጤቱም ታግዶ መቅረት ሆነ፤ ቴአትርም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መልሶ ቀና ለማለት ተቸገረ። ተክለ ሐዋርያት ሊያስቁ ቢፈልጉ ኖሮ የቤት አሽከርን መንተባተብ መድረክ ላይ ባወጡት ነበር። ማንም አይከለክላቸውም፤ ምናልባት ሽልማትም ባገኙ።

አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም»ን ሲያወጣ ከእናቱ ማኅፀን ሆኖ ወደዚህች ዓለም አልመጣም ብሎ የሚከራከር ፅንስ ፈጠረ። ነገሩ ያስቃል፤ ሳቁ የሚያርፈው ግን ልጅ ለመወለድ የሚፈራውን አገር በፈጠሩት ላይ ነው። መጽሐፉም ከገበያ ተሰበሰበ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻን ሲያሳዩን ፊታውራሪው የሚያስቁን በዘራቸው መመካታቸውና በጉልበታቸው ማበጣቸው ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጉዱ ካሳን አስቡት። ጉዱ ካሳ የመሳፍንቱ ዘመድ ነው፤ የሚሳለቀው በገዛ ወገኑ ነው። በገበሬው ድንቁርና ሲናደድ እንኳ ቁጣው ገበሬውን አደንቁሮ በሚያኖረው ሥርዓት ላይ ያርፋል። ለዚህ የተከፈለው ደመወዝ እብድ መባል ነው። በዓሉ ግርማም በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲጽፍ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ፕሮፓጋንዳ ከውጭ ሆኖ አልተመለከተውም፤ ራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ትልቅ ሹም ሆኖ የሠራበት ነበርና የሣለው የራሱን ቤት ነው። መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቀመ፤ በዓሉ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

እነዚህን ስሞች የጠራሁት ጸሐፊ ሁሉ ይሙት ለማለት አይደለም። ሁሉም የሚጋሩት ነገር ስላለ ነው። ሳቃቸው ወደ ባለጉልበት ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜም ጸሐፊው ራሱ ከሚቆምበት ወገን ይጀምራል።

እንግዲህ መልስ የሚሰጡኝ እንዳሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ «ሳቅ ነጻ ነው፤ በዚህ ሳቁ በዚያ አትሳቁ የሚል ሳንሱር አንተ ማነህ?» ይሉኛል። ሳንሱርን የሚመኝ ሰው ይህን ጽሑፍ አይጽፍም። የዚያ ወጣት ወግ እንዲታገድ አልፈልግም፤ ይነበብ። እኔ የምጠይቀው ስሙ እንዲስተካከል ነው። ልግጫን ልግጫ በሉት፤ «ማኅበረሰብን የሚሸነቁጥ» አትበሉን። ማኅበረሰቡ አዳራሹ ውስጥ ተመችቶት ተቀምጦ ነበር፤ የተሸነቆጠው የሌለው ሰው ነው።

ሁለተኞቹ «ታዲያ ባላገር ቅዱስ ነው ወይ? አይነካም ወይ?» ይሉኛል። ይነካል እንጂ! ያልደረሰች ልጁን የሚድር፣ ደም እመልሳለሁ ብሎ የጎረቤቱን ልጅ የሚያደባ፣ ለተዝካር ሲል በሬውን ሸጦ ልጆቹን የሚያስርብ፣ ጉሙዙን ጎረቤቱን ልደግመው በማልፈልገው ስም የሚጠራ ባላገር ይሰለቅበት። ይህ መርጦ የሚያደርገው፣ ከእርሱ በሚያንሰው ላይ የሚያደርገው ነውር ነው። አነጋገሩና ቁምጣው ግን ምርጫው አይደሉም። በሰው ሥራ መሳቅና በሰው እጦት መሳቅ ይለያያሉ። ስለ አለቃ ገብረ ሐና ከሚነገሩት ቀልዶች ብዙዎቹ በገበሬና በሴት ላይ ናቸው ብለው የሚጠቅሱልኝም አይጠፉም። እውነት ነው። ግን ሕዝቡ ለዚያው ለሚወዳቸው ቀልደኛ ምን እንዳደረገ እዩ፤ በብዙዎቹ ቀልዶች መጨረሻ ላይ ተላጋጩ አለቃ በባላገሩ ወይም በሚስታቸው መልስ ተረትተው ይመለሳሉ። ሕዝብ ልግጫን ሲያወራ እንኳ ፍርድ ይጨምርበታል። እኛ ተማርን የምንለው ፍርዱን አውጥተን ልግጫውን ብቻ አስቀረን።

ሦስተኞቹ ይበልጥ ያሳዝኑኛል፤ ምክንያቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። «ዘመኑ አይፈቅድም» ይላሉ። «ባለጊዜውን ነክተን የት ልንገባ? ቢያንስ ሰውን እናሥቅ።» እኔ ከወንበሬ ሆኜ ማንንም ወደ እስር ቤት አልልክም። የፈራ ሰው ዝም ቢል አልፈርድበትም፤ እኔም ብዙ ጊዜ ፈርቼ ዝም ብያለሁ። ሰምና ወርቅም የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ወርቅ የሌለው ሰም፣ ሰም ብቻ ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ ሰሙን ከማወፈሩ የተነሣ የተነካው ሰው ራሱ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይስቃል፤ ሲወጣም ደራሲውን አቅፎ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚህ ደግሞ የሚብሰው ፈርቶ ሳለ ደፋር ለመባል ዳውላውን መደብደብ ነው። አህያውን ከፈራችሁ ዳውላው ምን አደረጋችሁ?

ጉዳዩ የጽሑፍ ወግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምሁ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን ውስጥ በተነሣው ጦርነት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በመተማ በኩል ተሻግሮ ገብቷል፤ ኩመርና አውላላ በተባሉት መጠለያዎች የደረሰበትን መከራ የሰማ ሰምቷል። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ የአማራ ክልል ራሱ ወደ ግጭት ገባ። ማጭዱን ይዞ የሚወርደው ወጣት የመንገዱ ነገር ከካላዛሩ ባልተናነሰ የሚያሳስበው ሆነ። ከተማ ያለ ሰው ስለዚያ ወጣት የሚያውቀው የመነጽሩን ቀልድ ብቻ ከሆነ፣ አንድ ቀን ጎዳዳ ዜና ስለ እሱ ሲሰማ ለማዘን የሚሆን ቦታ ልቡ ውስጥ አያገኝም። ልግጫ የሚሠራው ክፉ ሥራ ይኸው ነው፤ የተላገጠበትን ሰው ሞት ቀላል ያደርገዋል። እንግሊዛዊ አባት የነበሩት የአየርላንዱ ጸሐፊ ጆናታን ስዊፍት በ1729 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የድሆችን ሕፃናት ለጌቶች ገበታ እናቅርብ የሚል «ሐሳብ» አቀረበ። ጽሑፉ እስከ ዛሬ የሚያንዘፈዝፈው ድሆቹን አስቂኝ ስላደረገ አይደለም። የጌቶቹን የሒሳብ ቋንቋ ተውሶ ስሌቱ ወዴት እንደሚያደርስ ስላሳየ ነው። የጀሪካን ክዳን ይዞ ትንኞችን ያመሰገነው ልጅ ስዊፍትን አላነበበም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ለወጣቱ ጸሐፊ አንድ ነገር ልለምነው። ችሎታ አለህ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ማሳቅ ቀላል አይደለም። ያንን ወግ አትጣለው። ባላገሩንም አስቀረው፤ መነጽሩንም አስቀረው። አንድ ነገር ብቻ ጨምርበት፤ ከመነጽሩ ኋላ ያለው ዓይን ይቁጠር። ነዶውን ይቁጠር፤ ካቦው የዘለላቸውን ይቁጠር፤ ሪፖርት ጸሐፊው የደመራቸውን ይቁጠር። ከዚያም ወደ አዳራሹ ዞር ብሎ እኛን ይቁጠረን፤ ወይዘሮዋን በነጠላቸው፣ እኔን በሳቄ። ያን ጊዜ ስንት ሰው እንደሚስቅ አላውቅም። እኔ ግን ትኬት ቆርጬ እመጣለሁ።